ለአምስት ሩብ ጉዳይ የነበረው ደመና

የኔአለም ከደብረ ብርሃን ተዛውራ መቀሌ የመጣችው ለአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ነው። ሥራዋ ሁለት ሳተላይቶች በትግራይ ሰማይ ላይ ያዩትን ደመና ማነጻጸር ነበር። አንደኛው ከላይ እንደቆመ በየሩብ ሰዓቱ ፎቶ ይልካል፤ ሌላው ምድርን እየዞረ ረፋድ ላይ፣ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ገደማ፣ አንዴ ያልፋል። በተመሳሳይ ሰዓት ያዩት ከተቀራረበ ቁጥሩ ይታመናል።

በ2007 ዓ.ም. ሐምሌ ግን አልቀራረብ አለ። ዝናብ ጠፍቶ ገበሬው ሰማይ ሰማይ በሚያይበት በዚያ ወር፣ ዟሪው ከመቶ ሃያ እጅ ደመና ሲል ቋሚው ስልሳ ይላል። አንድ ቀን ቢሆን ታልፈው ነበር። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ እንዲሁ ሆነ።

የቋሚውን ፎቶ የሚያወርደው ፊት ለፊቷ የሚቀመጠው ሕሉፍ ነበር። የኔአለም ዐይኗን ጣለችበት። ደመና በዛ ማለት ድርቁ ቀለለ ማለት ነው፤ ይህን ሲሰሙ ደስ የሚላቸው አለቆች ደግሞ አይጠፉም። ሕሉፍ ለቡድን መሪነት ተወዳድሯል። ወደ ቢሮ በገባች ቁጥር የከፈተውን ነገር ቶሎ የሚዘጋ መሰላት።

“ሕሉፍ፣ ቁጥሩን የምታወጣው ራስህ ነህ?” አለችው አንድ ቀን።

“ፕሮግራሙ ነው የሚያወጣው። ምነው?”

“ምንም።”

“ምንም? ዋላ ሓንቲ?” ብሎ ፈገግ አለ። ፈገግታው አልጣማትም።

በማግስቱ ጥርጣሬዋን ለኃላፊው ለአቶ ኣረጋዊ ነገረቻቸው።

“ማስረጃ አለሽ?”

“ቁጥሩ ራሱ ማስረጃ ነው፣ ጋሼ።”

ከሰዓት በኋላ የሕሉፍ የይለፍ ቃል ተዘጋ፤ ነገሩ እስኪጣራ ተብሎም መዝገብ ቤት ተላከ። ሕሉፍ ማን እንደከሰሰው ሳይጠይቅ ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። አለመጠየቁንም የኔአለም በክፉ ተረጎመችው።

በሚቀጥለው ቀን ማስረጃዋን ለማጥበቅ ማስታወሻ ደብተር ይዛ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ወጣች። ለአምስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ እዚህም እዚያም ጥቂት ብጥስጣሽ ደመና። “ያዝኩህ” አለች በልቧ። ልትወርድ ስትል ግን ጠረጠረች፤ ኋላ ሰማዩ ቢቀየርና ሕሉፍ በዚያ ቢያመካኝስ? ተመልሳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ላይ ደመናው ተከማችቶ ከሰማዩ ግማሽ በላይ ሸፈነ። ጠብታ ግን አልጣለም።

ቢሮ ገብታ የዕለቱን የቋሚውን ፎቶ በገዛ እጇ አወረደች። ሕሉፍ አልነካውም። ቁጥሩ ያው ስልሳ ሆኖ ወጣ።

የፋይሉን ስም ደግማ አነበበች፤ 10:45 ይላል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ያው ለአምስት ሩብ ጉዳይ ነው፤ ግን በግሪንዊች ሰዓት። ግሪንዊች ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ስለዚህ ያ ፎቶ የመቀሌን ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሰማይ ነው ያነሣው። ማነጻጸሪያውን ሠንጠረዥ የሠራችው ራሷ ነበረች፤ የዟሪውን ሰዓት ወደ አገር ቤት ሰዓት ስትመልስ የቋሚውን ረስታዋለች። የጠዋቱን ሰማይ ከቀትር በኋላው ጋር ስታወዳድር ነው የከረመችው።

መዝገብ ቤት ስትገባ ሕሉፍ አቧራ የጠጡ ፋይሎች መሀል ቆሟል።

“የከሰስኩህ እኔ ነኝ” አለችው። “ጥፋቱም የኔ ነው። ሰዓቱን ተሳስቻለሁ።”

ሕሉፍ የያዘውን ፋይል መደርደሪያው ላይ አኖረ።

“ሦስት ወር ፊት ለፊት ተቀምጠናል” አለ። “አንድ ቀን ‘ይህ ለምን ሆነ?’ ብትዪኝ በአምስት ደቂቃ አሳይሽ ነበር።”

“አውቃለሁ። ና፣ አንተ እየሰማህ ለጋሼ ኣረጋዊ ልንገራቸው።”

ነገረቻቸው። አቶ ኣረጋዊ መነጽራቸውን አውልቀው ሕሉፍን ይቅርታ ጠየቁት። ሰዓቱ ሲታረም ሁለቱ ሳተላይቶች ሃያ ሁለትና አሥራ ዘጠኝ አሉ፤ የድርቁም ሪፖርት እንደከፋ ሳይለዝብ ሄደ።

ሕሉፍ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ግን በየጠዋቱ የፎቶዎቹን ሰዓት ዝርዝር አትሞ ፊቷ ያኖራል።

“ፈርሚ።”

ትፈርማለች። እሱም ፊርማዋን መርምሮ ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ይከትና ይቆልፍበታል።