ያልተነቀሉ ጉቶዎች

አባቴ የድልድይ ጠጋኝ ነው። አባቱም ጠጋኝ ነበር፤ የአባቱም አባት እንደዚሁ። የእንጨቱ ድልድይ ከደጃፋችን ስለሚታይ፣ ቁርስ ሲበላ እንኳ ዓይኑን ከምሰሶዎቹ ላይ አያነሳም። እናቴ ድልድዩን “ጣውንቴ” ነው የምትለው።

እኔ ደግሞ ሙዚየም ውስጥ የእንጨት ዕድሜ እለካለሁ። በግንዱ ውስጥ ያሉትን ቀለበቶች አይቼ ዛፉ መቼ እንደተቆረጠ እናገራለሁ። ድልድዩ በጥንታዊ ቅርስነት ይመዝገብ ሲባል ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ዳኛውም ባለጉዳዩም ከአንድ ቤት ሊሆኑ ነው ብዬ ለአለቃዬ ብነግረው፣ እንጨቱ እንደሆነ የማን ልጅ እንደሆንሽ አያውቅም ብሎ ሸኘኝ።

ከየምሰሶው ናሙና ወሰድኩ። ሁሉም አዲስ ነው፤ በዕድሜ አባቴን የሚበልጥ አንድም አጣሁ። ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኩት። ነገር አለሳልሶ መናገር አልፈጠረብኝም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ ወደ ድልድዩ መሄድ ተወ። መሃል ላይ አንድ ምሰሶ መበስበሱን እያወቀ መጋዙን ግድግዳ ላይ ሰቀለው። እናቴ ወጥራ ስትይዘው፣ ከአያት ከቅድመ አያት የተረፈውን ድልድይ በገዛ እጁ እየቆረጠ እንደጨረሰው ነገራት። እሷም መጥታ ሰውዬውን ከእህል ውሃ ለየሽው አለችኝ። እውነቷን ነበር።

በጋው ገፍቶ ወንዙ ሲጎድል ብቻዬን ወረድኩ። በየምሰሶው ሥር ጉቶ አለ። አንድ ብቻ አይደለም፤ ከእያንዳንዱ ምሰሶ ተነስቶ ውሃው ወደሚሄድበት የተሰለፈ የጉቶ ረድፍ ነው። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

አባቴ ያረጀ ምሰሶ ነቅሎ አያውቅም። ከውሃው በታች ይቆርጠውና አዲሱን ከጎኑ፣ ውሃው በሚመጣበት በኩል ይተክላል። ሰፈሩ በስንፍና ያማዋል። እናቴም ጥርስ ሰብሮ ሥሩን የሚተው ሐኪም ትለዋለች። እሱ አባቱ ሲያደርግ ያየውን ከማድረግ በቀር ምክንያቱን አያውቅም። እኔ ደግሞ፣ የተማርኩት ሴትዮ፣ ከውሃው በላይ ያለውን ብቻ ለክቼ ፈርጄበታለሁ።

ከጉቶዎቹ ናሙና ወስጄ ቀለበቶቻቸውን እርስ በርስ አስተያየሁ። ለምሰሶው የሚቀርበው በአያቴ ዘመን የተቆረጠ ነው። ቀጥሎ ያለው ከእሱ ይቀድማል፤ እያለ እያለ ይሄዳል። የመጨረሻው እንደ ከሰል ጠቁሯል። እሱን የተከለውን ሰው ስም የሚያስታውስ የለም።

አባቴን እጁን ይዤ ወንዝ አወረድኩት። እያጉረመረመ ጫማውን አወለቀ። ረድፉን ከራሱ ምሰሶ ጀምሬ አንድ በአንድ አሳየሁት። ጥቁሩ ጉቶ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ዙሪያውን በእጁ ዳሰሰ፤ ቆረጣውን በጣቱ ተከተለ።

“ይሄም ሰውዬ አልነቀለውም” አለ።

“ማንም አልነቀለም አባዬ። ሁላችሁም ቆርጣችሁ ከጎኑ ተከላችሁ። ድልድዩ ይህን ሁሉ ዘመን የኖረው እንደዚህ ነው።”

አለቀሰ። ፊቱን ከእኔ ለማዞር እንኳ አልሞከረም። እኔም አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

በማግስቱ ጠዋት መጋዙ ከግድግዳው ላይ የለም። እናቴ ቁርሱን በሳህን ሸፍና ሰጠችኝና ጣውንቴ ዘንድ አድርሺለት አለችኝ። አፏ ሲማረር ዓይኗ ይስቃል።

አባቴ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ የበሰበሰውን ምሰሶ ይዟል። ሲያየኝ መጋዙን አቆመ።

“ልጄ፣ ወደፊት እንዳንቺ የሚለካ ሰው ቢመጣ እንዲመቸው ትንሽ ከፍ አድርጌ ልቁረጠው?”

“እንደ ድሮው ቁረጠው” አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ከውሃው በታች መገዝገዝ ጀመረ።