ያልተለካው ቀለም

እትዬ ጠይባ ዋጋውን ሲሰሙ ሳቁ።

«አሥራ ስምንት ሺህ? ይህቺን ለምታህል ጠርሙስ?» አሉና በሁለት ጣታቸው መጠኗን አሳዩት። «ሙባሪክ፣ እኔ እኮ ሃያ ዓመት የማረቆ በርበሬ የነገድኩ ሴት ነኝ።»

ሙባሪክ ከቡታጅራ መውጫ፣ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ዳር ላቫጆ አለው። ስድስት ዓመት መኪና ሲያጥብ ኖሮ፣ ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሄዶ ለሁለት ሳምንት የመኪና ቀለም የሚጠብቀውንና የሚያብረቀርቀውን ፈሳሽ፣ የሴራሚክን አቀባብ ተማረ። ሥልጠናውንም፣ ማሽኑንም፣ አቧራ እንዳይገባበት በቆርቆሮ የጋረደውን ክፍልም የቻለው የሚስቱን የሰልሚያን ወርቅ ሸጦ ነው። እስካሁን የቀባው የጓደኛውን አሮጌ ሚኒባስ ብቻ ነበር፣ ያውም በነፃ። ከፍለው የሚያሠሩት የመጀመሪያዋ ደንበኛ እትዬ ጠይባ ናቸው።

«ውዱ ጠርሙሱ አይደለም» አላቸው። «ከጠርሙሱ በፊት ያለው ሥራ ነው። መኪናው ይታጠባል፤ ሳሙና የማያስለቅቀው ቆሻሻ በእጅ ይነሳል፤ ጭረቱ በማሽን ይጠፋል፤ ከዚያ በአልኮል ተጠርጎ ነው ሴራሚኩ የሚቀባው። ሦስት ቀን ሙሉ ሌላ መኪና አልነካም። አዲስ አበባ ቢሄዱ አርባ ሺህ ነው የሚሉዎት።»

«ታዲያ አንተ ጋ እንዴት ረከሰ?»

«የቤት ኪራዩ ይለያያል» አለ ሙባሪክ።

እትዬ ጠይባ ትንሽ አዩትና ቁልፉን ሰጡት። ልጃቸው ናጃህ ቅዳሜ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ትመረቃለች፤ ጥቁሯን መኪናቸውን አሳምረው ሊሄዱ ነው። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ሙባሪክ ኮፈኑንና የቀኙን ጎን ጨርሶ ወደ ግራው የኋላ በር ዞረ። ማሽኑን እጀታው ሥር ሁለት ጊዜ አመላለሰው። ቀና ሲል የማሽኑ ነጭ ስፖንጅ ጠቁሯል። ስፖንጅ ቀለም የሚይዘው ከቀለሙ በላይ ያለው መስታወት መሳይ ልባስ ሲያልቅ ነው። በሩን በጨርቅ ጠረገው። እጀታው ሥር፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ግራጫ ነገር ወጥቷል።

በጣቱ በሩን አንኳኳ። የፊተኛው በር ጥርት ያለ የብረት ድምፅ ሲሰጠው ይሄኛው ታፍኖ መለሰለት። ከሥሩ ስቱኮ አለው። መኪናዋ አንድ ቀን ተመትታ፣ በሩ ተሞልቶ፣ በስሱ ተቀብቷል።

አሠልጣኙ ሠልጣኞቹን ደጋግሞ ያሳሰባቸው ነገር ቢኖር ይሄ ነበር፦ ማሽን ከመነሳቱ በፊት የየበሩ ቀለም ውፍረት ይለካ። መለኪያው ዘጠኝ ሺህ ብር ነው። ሙባሪክ ሁለት ሦስት ሥራ ከሠራሁ በኋላ እገዛለሁ ብሎ ትቶት ነበር።

ስልኩ ጮኸ። እትዬ ጠይባ ናቸው።

«እንዴት እየሆነልህ ነው?»

«ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አለ። ስልኩን ዘጋ።

ከሱቅ ትንሽ ጥቁር ቀለም ገዝቶ መጣና በቀጭን ብሩሽ ግራጫውን ነካ ነካ አደረገው። አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ሲያየው ጠፍቷል። ሴራሚኩ ከላይ ሲያርፍበት ደግሞ ለወራት ማንም አያውቅም። ጎንበስ ብሎ ብርሃን ሲያስገባበት ግን ቦታው ደብዝዞ ይታያል። እንደገና ራቀ፣ እንደገና ቀረበ።

ሰልሚያ ምሳ ይዛ ስትመጣ እዚያው ቁጭ ብሎ አገኘችው። ሁሉንም ነገራት። ምግቡን መሬት አስቀምጣ በሩን አየችው።

«አይታወቅም እኮ» አለች።

«ዛሬ አይታወቅም።»

«ሲታወቅስ?»

ሙባሪክ ምሳውን ሳይነካው ስልኩን አንስቶ ለእትዬ ጠይባ ደወለ።

እትዬ ጠይባ በባጃጅ መጡ። ሙባሪክ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳይሰጥ የቀባውን ጥቁር ቀለም በጨርቅ አንስቶ ግራጫውን አሳያቸው። መኪናዋ ከዚህ በፊት ተመትታ እንደነበር፣ በሩ የተቀባውም በስሱ እንደነበር፣ የቀረችውን ቀለም ያነሳት ግን የእሱ ማሽን እንደሆነ ነገራቸው። ጠዋት በስልክ ደህና ነው ማለቱም ውሸት እንደነበር ጨመረ።

«የሸጠልኝ ሰው አንድም ቦታ አልተነካችም ብሎ ምሎልኛል» አሉ እትዬ ጠይባ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ወላሂ ብሎ።»

ግራጫውን በጣታቸው ዳሰሱና ወደ ሙባሪክ ዞሩ።

«ቀድመህ ማወቅ ትችል ነበር?»

«በመለኪያ፣ አዎ። ማሽን ሳላነሳ እነግርዎት ነበር።»

«ለምን አልለካህም?»

«መለኪያው የለኝም።»

እትዬ ጠይባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለካ ለዚህ ነው የረከሰው። እኔ ደግሞ ስከራከርህ የነበረው ይበልጥ እንድታረክሰው ነው።» ሳቅ ግን አልነበራቸውም። «አሁን ምን ይሁን? ቅዳሜ ልጄ ትመረቃለች።»

ሙባሪክ የጠራው የከተማው ቀለም ቀቢ ገብረወልድ በዚያው ከሰዓት መጥቶ በሩን ወሰደው። የድሮውን ስቱኮ አንስቶ እንደ አዲስ ሠራው፤ ዓርብ ጠዋትም መልሶ ገጠመው። ሒሳቡን ሙባሪክ ቻለ። ነገር ግን አዲስ ቀለም በደንብ ደርቆ ሳይጠነክር ሴራሚክ አይቀባም፤ አንድ ወር መቆየት አለበት። ስለዚህ መኪናዋ አብረቅርቃ፣ ያለ ሴራሚክ ሄደች። እትዬ ጠይባ ቁልፉን ሲቀበሉ ከአሰላሙ ዓለይኩም በቀር ቃል አልተናገሩም።

ቅዳሜ ሙባሪክን ሥራ እምቢ አለው። ቡታጅራ ውስጥ እትዬ ጠይባን የማያውቅ የለም። አንዲት ቃል ከአፋቸው ከወጣች ያቺን የቆርቆሮ ክፍል ማንም አይረግጣትም። ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይከታል፣ ያወጣል፤ የውሃውን ቧንቧ ከፍቶ ይረሳል።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ተደወለ። ከጀርባ እልልታና የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«ሙባሪክ! የናጃህ ጓደኞች መኪናዋ ላይ ተደግፈው ፎቶ እየተነሱ ነው።»

«የግራውን በር እንዳይደገፉ!» ብሎ ጮኸ። «እትዬ፣ ቀለሙ ገና ነው፤ ይጭሩታል!»

«ጮህክብኝ እኮ፤ ቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። በቀኝ በኩል ናቸው።» ጫጫታው ራቅ አለ። «የደወልኩት ለሌላ ነው። ወሩ ሲሞላ የትኛው ቀን ላምጣት?»

ሙባሪክ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ሄዶ በጣቱ ሳምንቶቹን ተከተለ፤ አንዴ ተሳስቶ እንደገና ጀመረ።

«ማክሰኞ» አለ በመጨረሻ። «ማክሰኞ ጠዋት ያምጧት።»