የቀረችበት ምክንያት

እህቴ ሰባተኛ ክፍልን አልተማረችውም። ከስድስተኛ ተነስታ ስምንተኛ ገባችና እኔ አጠገብ መጥታ ቁጭ አለች። በአንድ ዓመት ተኩል የምትበልጧትን ልጅ ደብተሯን ለመገልበጥ ስትለማመጧት እስቲ አስቡት! ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ «ዘላይዋ» ይላታል። እኔስ? እኔ «የዘላይዋ እህት» ነኝ። ስም አለኝ እኮ፤ ግን ማን ይጠራዋል!

ሥነ ሕንፃ ግን የኔ ነበር። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ካርቶን እየቆረጥኩ ቤት ስሠራ፣ ጣቶቼን በሙጫ ሳጣብቅ «እታለም፣ ዛሬም ልትገነቢ ነው?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሰን የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ቅጽ ልንሞላ ሦስት ሳምንት ሲቀረን፣ ሳህን እያደረቀች «እኔም አንደኛ ምርጫዬን ሥነ ሕንፃ ባደርግ ምን ይመስልሻል?» አለችኝ። ቆሽቴ አረረ። ሕክምናው፣ ሕጉ፣ ሒሳቡ፣ ሁሉም በሩን ከፍቶ ይጠብቃታል። የኔዋን አንዷን ካልነጠቀችኝ እንቅልፍ አይወስዳትም?

«የፈለግሽውን አድርጊ» አልኳት፤ ብርጭቆውን ግን መደርደሪያው ላይ ጓ አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት።

አባታችን ሹፌር ነው፤ ለአንድ የእንጨት ሥራ ቤት በርና ቁም ሳጥን እየጫነ ያደርሳል። ስለዚህ እኛ ቤት የዩኒቨርሲቲ ጉብኝት ዕቅድ የሚወጣው በበር ነው፤ በሩ የሚሄድበት ከተማ እኛም እንሄዳለን። የአባዬን የጭነት ወረቀት ዘርግቼ፣ በየትኛው ቀን ወዴት እንደሚጭን አይቼ፣ ደውዬ ቀን ማስያዝ የኔ ሥራ ሆነ። ታላቅ አይደለሁ!

ልንጎበኝ ካሰብናቸው ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱ አላስቸገሩኝም። ችግሩ ሦስተኛው፣ ሐይቁ ዳር ያለው ነው። ሥነ ሕንፃ የሚያስተምረው እሱ ብቻ ነው፤ የንድፍ ክፍሎቹን ለጎብኚ የሚከፍተው ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ ያውም አስቀድሞ ስሙን ላስመዘገበ። አባዬ ደግሞ ቅጹ ከመሞላቱ በፊት ወደዚያ የሚጭነው አንድ ሐሙስ ብቻ ነው።

«ጠጋ ጠጋ ካላችሁ ጋቢናው ሁለታችሁንም ይችላል» አለ አባዬ። «ሌላ ሐሙስ ካላችሁ ግን ከሌላ ሹፌር ጋር መቀያየር ሊኖርብኝ ነው፤ እሱን ያለ በቂ ምክንያት ሰው አልለምንም። ከአሁኑ ልንገራችሁ።»

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ዙሪያዋ ጫጫታ ነበር።

«ለስንት ሰው?» አለችኝ።

እህቴ እዚያ ክፍል ገብታ፣ መምህሩ የሆነ ነገር ሲጠይቅ እሷ ቶሎ ስትመልስ፣ እሱ ሲገረም፣ እኔ ደግሞ በሩ ጋ ቦርሳዋን ይዤ ቆሜ ታየኝ።

«ለአንድ» አልኩ።

እራት ላይ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ደውዬ ነበር፤ የቀረው የአንድ ሰው ቦታ ብቻ ነው አሉኝ» አልኩ። አባዬ ከንፈሩን መጠጠ። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። ረዘም አድርጋ ነው ያየችኝ፤ ያኔ ልብ አላልኩትም።

«የአንድ ሰው ብቻ?»

«እና ምን ላድርግ? እኔ ነኝ እንዴ የሞላሁት?» ብዬ ጮህኩ።

«አይ፣ እሺ። አንቺ ሂጂ» አለችና ምግቧን ቀጠለች።

በቃ፣ ይኸው ነው። ብታለቅስ ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቴን ነው። ረቡዕ ጭራሽ ነጭ ሸሚዜን ማንም ሳያዛት ተኩሳ ሰቀለችልኝ። ሰባት ጥያቄ የጻፈችበት ወረቀትም አጥፋ ሰጠችኝ። «ከቻልሽ ጠይቂልኝ። አራተኛዋን እንኳ እንዳትረሺ።» አራተኛዋን አነበብኳት፦ «ተማሪ ሥራው ቢበላሽበት እንደገና እንዲሠራ ይፈቀድለታል?» የኔ ትልቁ ጥያቄ ዶርሙ ውስጥ ሙቅ ውሃ አለ ወይ የሚል ነበር። ጥያቄዋ እንኳ ከኔ ይበልጣል!

ሐሙስ ጋቢናውን ለብቻዬ ተንሰራፍቼበት፣ መንገዱን ሙሉ ስዘፍን ሄድኩ። አባዬ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ አውርዶኝ በሮቹን ሊያራግፍ ሄደ። ጥበቃው መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ናቸው። ስሜን ነገርኳቸው፤ ትልቁን መዝገብ ገልጠው ጣታቸውን እያስኬዱ ፈለጉ።

«አለሽ። ቆይ... እዚህም አለሽ። ሁለት ጊዜ ተመዝግበሻል ልጄ፤ እንዳያመልጠኝ ብለሽ ነው?»

«ስህተት ይሆናል አባባ።»

«የምን ስህተት! ይኸው፣ ማክሰኞ ለአንድ ሰው። ሰኞ ደግሞ ለሁለት ሰው፤ ያስመዘገበችው...» ብለው የእህቴን ስም ከነአባታችን ስም አነበቡ። «እህትሽ ናት? የታለች ታዲያ?»

ሰኞ። እኔ ከመደወሌ አንድ ቀን በፊት ሁለታችንንም አስመዝግባለች። ያውም የኔን ስም አስቀድማ። ቦታ የለም ስላት ቦታዋ እንደተያዘላት እያወቀች ነው «እሺ» ያለችኝ። እያወቀች ነው ሸሚዜን የተኮሰችው። በሐፍረት ውሃ ሆንኩ። ደግሞ ልንገራችሁ? እዚያው ቆሜም ቀናሁባት። በዚህም ቀደመችኝ!

«ቀርታለች» አልኳቸው።

መዝገቡን ወደኔ አዞሩት። ከስሟ ፊት ለፊት «የቀረበት ምክንያት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። «ዝም ብሎ የቀረ ዘንድሮ ድጋሚ አይመዘገብም። ምክንያት ካለው ግን ለሚመጣው ሐሙስ እናዛውርለታለን። አሟት ከሆነ አሟት ነው ብለሽ ሙዪ፤ ቅጂውን ስትመጣ ይዛ ትምጣ።»

«አሟት ነው» ብሎ መጻፍ ቀላል ነበር። ግን የሚመጣው ሐሙስ አባዬ ወደ ሌላ ከተማ ነው የሚጭነው። ተቀያየርልን ስለው ለምን ይለኛል፤ እሷ ደግሞ ቤት ውስጥ ደህና ሆና ሸሚዝ ትተኩሳለች። እስክሪብቶውን ይዤ ቆየሁ። ከኋላዬ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ። ከዚያ ጻፍኩት፦ «እህቷ ቦታ ሞልቷል ብላ ስለዋሸቻት።»

ጥበቃው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። እኔን አዩኝ፤ ወረቀቱን አዩት።

«ይበቃል አባባ?»

«ይበቃል» አሉና ማህተሙን ደለቁበት። ቅጂውን ቀደው ሰጡኝ።

ጉብኝቱ አልቆ ስንመለስ ቅጂውን ለአባዬ ሰጠሁት፤ መኪናውን ዳር አቁሞ አነበበው። ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ለአንድ ሹፌር ደውሎ «የሐሙሱን እንቀያየር፣ እባክህ» አለ። አባዬ እባክህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ቤት እስክንደርስ ጉልበቴን እያየሁ ሄድኩ።

እህቴ በሩን ከፈተችልኝ። ወረቀቱን ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፤ ደግማም አነበበችው።

«አራተኛዋን ጠየቅሽልኝ?» አለች።

«ጠየቅኩ።»

«ምን አሉ?»

«እንደገና መሥራት አንድ ጊዜ ብቻ ይፈቀዳል አሉ።»

«ሰምተሻል እንግዲህ» አለችኝና ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው።