በታች በር በኩል

የዓለምወርቅ የታች በሩን መቀርቀሪያ በሁለት እጇ ይዛ ብትጎትተው ብትጎትተው እምቢ አላት። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲጠጣ የከረመው እንጨት አብጦ ከመቃኑ ጋር ተጣብቋል። በሩ ሥር በቅርቡ የተተከሉ ጽጌረዳዎች አሉ። ወደ መቀርቀሪያው ለመጠጋት ስትል አንዱን ረግጣ ሰብራዋለች፤ ዞር ብላም አላየችው።

"እትዬ የዓለም! ገና ሥር አልያዘም እኮ!" አለች የትናየት ከሣሩ ዳር ሆና።

"አስከሬን ሊያልፍበት ነው። ቆመሽ ከምታዪኝ ነይና አግዥኝ።"

የትናየት የአትክልት ስፍራ ንድፍ የተማረች የጎንደር ልጅ ናት፤ ይህን ግቢ ከሰኔ ጀምሮ ያበጀችው እሷ ናት። ጫማዋን አወለቀችና በችግኞቹ መካከል እየተጠነቀቀች ገብታ አብራ ጎተተች። በሩ ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ። ከታች፣ ከአያ ቢራራ ቤት የሚመጣው ለቅሶ ያን ጊዜ ጥርት ብሎ ተሰማ።

ቤቱ የየዓለምወርቅ አያት ያሠሩት የድንጋይ ፎቅ ነው። ደባርቅ ውስጥ እንደሱ ያለ ብዙ አልቀረም፤ በቅርስነትም ተመዝግቧል። አባቷ ሲሞቱ ለእሷ ደረሳት። ጎንደር ስታስተምር ኖራ ጡረታ ስትወጣ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄድ እንግዳ የሚያድርበት ቤት ላድርገው ብላ ተነሣች። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ጣሪያው ታደሰ፣ ሰገነቱ ተጠገነ፣ የቀረው ግቢው ብቻ ሆነ። ግቢውን ደግሞ ከታች በር እስከ ላይ በር አንድ ቀጭን መንገድ ለሁለት ይከፍለው ነበር። የታች ሰፈር ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣው በዚያ ነው። ክርስትና በዚያ ያልፋል፣ ተዝካር በዚያ ያልፋል፣ ሬሳም በዚያ ያልፋል። አባቷ በዕድሜያቸው ሙሉ የታች በሩን ቀርቅረው አያውቁም።

የትናየት በመጀመሪያው ቀን ሜትሯን ዘርግታ ስትለካ ጠይቃ ነበር፤ ይህ አይካድም።

"ይቺ መንገድ የማን ናት?"

"የማንም አይደለችም። ዝም ብሎ ልማድ ነው።"

"ሰው ይመላለስባታል እኮ፤ አፈሩ ድንጋይ ሆኗል። ብንተዋትስ?"

"እንግዳ ቁርሱን ሲበላ የሰፈር ሰው በፊቱ ሲተራመስበት? በአስፋልቱ ይዙሩ፤ ምን ይሆናሉ።"

የትናየት የታዘዘችውን ሣለች። ትልቁ የኮሶ ዛፍ ሳይነካ፣ በግድግዳው ጥግ ከየተራራው ሥር የመጣ አስታና ቀጋ የሚባል የደጋ ቁጥቋጦ፣ መሃሉን ሣር፣ ከታች በሩን ደፍኖ ጽጌረዳ። ተተክሎ ሲያልቅ ግቢው አማረ፤ ውሸት አይነገርም። ሰፈርተኛውም በአስፋልቱ ዞረ። ማንም ምንም አላለም። የተቆጣ ሰው ቢኖር ኖሮ የዓለምወርቅ ተከራክራ፣ ተኳርፋ፣ መጨረሻ ላይ ምናልባት ትከፍተው ነበር። የታች ሰፈር ሰው ግን ሲከፋው ድምፁ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

አንድ ጊዜ ብቻ ደንግጣ ነበር። በፍልሰታ ነው። ሰገነቱ ላይ ቆማ አዲሱን ሣር ስታይ፣ አያ ቢራራ ጋቢያቸውን ለብሰው በከዘራቸው እየተደገፉ ለቅዳሴ ሲወጡ ከቅጥሩ ማዶ አየቻቸው። ትንሽ ልጅ ሳለች በትከሻቸው ተሸክመው በዚያው መንገድ ለጥምቀት ያወጧት ሰው ናቸው። በሩን ገፋ አደረጉት። እንደገና ገፉት። ከዚያ መዳፋቸውን እንጨቱ ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆዩና ወደ ዳገቱ ዞሩ። "አያ ቢራራ፣ ይቆዩኝ መጣሁ!" ማለት ይበቃት ነበር። ግን ለአንድ ሰው ከከፈትኩ ሁሉም ይመጣል ብላ ሰጋችና ዝም አለች። ሰሞኑን ቤታቸው ሄጄ አስረዳቸዋለሁ ብላም ራሷን አጽናናች። ሳትሄድ መስከረም ጠባ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ጡሩንባ ነፊው የአያ ቢራራን ስም ጠራ።

አሁን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከተከፈተው በር ላይ ቆማለች። በሕይወታቸው ያልከፈተችላቸውን ለአስከሬናቸው ልትከፍት መሆኑን ታውቃለች፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል ብላለች።

ቀባሪው ከታች ብቅ አለ። ካህናቱ ከፊት፣ አስከሬኑ ቀጥሎ፣ ሴቶቹ ከኋላ። መንገዱ ለሁለት ከሚለይበት ባሕር ዛፍ ሥር ሲደርሱ ለፍትሐት ቆሙ። ሊገቡ ነው ብላ ወደ ጎን ፈቀቅ አለችላቸው። ጸሎቱ ሲያበቃ ግን አስከሬኑ ወደ ዳገቱ ዞረ።

ሮጣ ወረደች። ከቃሬዛው ኋላ የአያ ቢራራ የመጀመሪያ ልጅ፣ ያለው፣ ይሄዳል፤ የእሷም የልጅነት ጓደኛ ነው።

"ያለው፣ በዚህ ነው እኮ! ከፍቼዋለሁ፤ በዚህ ግቡ!"

ያለው ዐይኑ በለቅሶ አብጧል። በድምፁ ውስጥ ምንም ቁጣ አልነበረም።

"አበባሽን እንዳንረግጥብሽ ብለን ነው፣ የዓለሜ።"

"ይረገጥ! አበባ አይደል እንዴ፤ ይረገጥ!"

"አባባ ራሱ ነው አደራ ያለን። 'በዙሪያው ውሰዱኝ፤ የልጅቱን ልፋት እንዳታበላሹባት' ብሎ ነው የሞተው። የሟች አደራ ደግሞ ታውቂዋለሽ።"

ተከትላቸው ወጣች። ወደ አስፋልቱ የሚያወጣው ዳገት በሌሊቱ ዝናብ ጭቃ ሆኗል፤ ተሸካሚዎቹ እየተንሸራተቱ በየመሃሉ ይቀያየራሉ። የአያ ቢራራ ባለቤት እትዬ ዘርፌ በሁለት ሴቶች ተደግፈው፣ ጥቂት ሄደው ይቆማሉ፣ ተንፍሰው ደግሞ ይነሣሉ። ግቢዋን ቢያቋርጡ ኖሮ ይህን ጊዜ ሁሉም ደርሰው ነበር። የዓለምወርቅ ስታለቅስ ሴቶቹ በሐዘን መስሏቸው አጽናኗት። እሷ ግን ግማሹን የምታለቅሰው በኀፍረት ነበር።

ከቀብር መልስ እትዬ ዘርፌ አጠገብ ደርሳ ጎንበስ አለች።

"እትዬ፣ ከእንግዲህ በእኔ በኩል ይለፉ። በሩ አይዘጋም።"

"እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ። ምን አስቸገረሽ፤ ዳገቱን እኮ እግራችን ለመደው።"

እንዲያውም አንገቷን ይዘው ሳሟት። ቢረግሟት ይሻላት ነበር።

ቤት ስትገባ የትናየት የተሰበረውን ጽጌረዳ በእንጨት ደግፋ አስራው፣ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።

"አስቤበት ነበር፣ እትዬ። ጠፍጣፋ ድንጋይ እናነጥፍና መንገዱን እንመልሰው። ጽጌረዳውን ግራና ቀኝ እናደርገዋለን። ያምራል፤ ለሰውም ይመቻል።"

"ማን ሊሄድበት?"

"የሰፈሩ ሰው ነዋ።"

"አይሄዱም፣ የትናየት። ድንጋይ ብታነጥፊለት ደግሞ ድንጋይሽን እንዳናቆሽሽ ይሉኛል።"

ማድ ቤት ገብታ ለለቅሶ ቤት የተሰናዳውን ምግብ በመሶብ ይዛ ወጣች። የትናየት ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

"ከላይ በር ባጃጅ ልጥራልዎት?"

"ተይው።"

ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብሰብ አድርጋ ሣሩ ውስጥ ገባች። ዳር ዳሩን አልሄደችም፤ ድሮ መንገዱ በነበረበት፣ መሃል ለመሃል ነው። ውሃ የጠገበው ሣር በየእርምጃዋ ሥር ሰመጠ።

"እትዬ የዓለም! ሣሩ እኮ..."

"አውቃለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ የኔ ልጅ፤ የለፋሽበት ነው። ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም።"

ጽጌረዳዎቹ መሃል ስትደርስ እሾሁ ቀሚሷን ያዘው። ጎትታ አስለቀቀችና አለፈች።

ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ የተቀመጡት እትዬ ዘርፌ መሶቡን ሳይሆን ጫማዋን አዩ። እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃና የተቆረጠ ሣር ለብሷል።

"ምነው ልጄ፣ በየት በኩል ነው የመጣሽው?"

"በታች በር በኩል።"

እትዬ ዘርፌ ጎናቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉላት። ሄዳ ተቀመጠች።

ሊመሽ ሲል ተነሣች። ያለው ዣንጥላ ይዞ በአስፋልቱ በኩል ሊሸኛት ወጣ።

"በዚያ አይደለም" አለችው። "በመጣሁበት ነው የምመለሰው። ነገም የምመጣው በእሱ ነው። ሣልስቱም ካለፈ በኋላ ለቤተ ክርስቲያን የምወጣው ከዚህ ከታች ተነሥቼ ነው።"

"ብቻሽን?"

"ሌላ ሰው እስኪመጣ።"

ያለው ባሕር ዛፉ ሥር ድረስ ሸኝቷት እዚያው ቆመ። እሷ በበሩ ገባች። ቀን ስትወርድ የረገጠችው በሣሩ ላይ ይታያል፤ እግሯን እዚያው ላይ ጫን ጫን እያደረገች ወደ ላይ ወጣች።