ሳይቀመስ የተጠበሰ ዶሮ

ጉያቱ ከዱብሉቅ ወጥታ ነገሌ ስትገባ ዶሮ ቀምሳ አታውቅም ነበር። እናቷም አልቀመሰችም፤ የእናቷም እናት እንደዚያው። ባደገችበት መንደር ዶሮ ወፍ ነው፣ ወፍ ደግሞ አይበላም። ምግብ ማለት ወተት ነው፤ ከብት ሲታረድ ሥጋ፣ ሲቸግር ደግሞ ከገበያ የሚመጣ በቆሎ።

ወደ ከተማ ያመጣቸው ድርቁ ነው። ዝናቡ በላይ በላዩ ሲቀር ከብቶቹ በየተራ ወደቁ። ባሏ ጉራቻ የሞቱትን ከበረት ሲጎትት ከርሞ፣ የተረፈችውን አንዲት ላም አይሱዙ ላይ ጫነ፤ ሚስቱንና አባቱን ኦቦ ጃልዴሳን ይዞ ዘመድ ወዳለበት ነገሌ መጣ። ሕንፃ የሚሠራበት ቦታ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። የተከራዩት ክፍል ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅም ያልወለዱ አዴ ፎዚያ የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ ነበር።

አዴ ፎዚያን ነገሌ የሚያውቃቸው በዶሮ ጥብሳቸው ነው። አርብ አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በራቸው ላይ ሰው ይሰበሰባል፤ ወደ ክብረ መንግሥት የሚሄዱ ሾፌሮች ሳይቀሩ መኪናቸውን ጥግ አስይዘው ይጠብቃሉ። ሙያው ግን የእሳቸው ፈጠራ አይደለም። የዘር አባታቸው ጨርቅ በግመል ጭኖ ከሐረር በባሌ በኩል ወደ ቆላው ሲወርድ ሚስቱ ይዛው የመጣችው ነው ይባላል፤ እሷም ከአያቶቿ ያገኘችው ነው። አዴ ፎዚያ ከእናታቸው ጀምረው ወደ ላይ ያሉትን ሴቶች በጣቶቻቸው እየቆጠሩ ይጠራሉ። የሁለቱም እጆች ጣቶች ያልቁና ስሙ ገና ይቀራል።

ጉያቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጥብሱ ሽታ ሲመጣ ላሟን ይዛ ወደ ግቢው ጀርባ ትሄድ ነበር። ወደ ወጥ ቤቱ ያስገባት እርጎ ነው። አንድ ሐሙስ አዴ ፎዚያ ከሱቅ የገዙት እርጎ ተበላሽቶባቸው ሲበሳጩ ሰምታ፣ በወይራ ጢስ በታጠነ የወተት ዕቃ፣ በጮጮ፣ ያረጋችውን አመጣችላቸው። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ።

«እናቴ የምትሠራበት እርጎ ይሄን ይሸት ነበር» አሉ። «እኔ እኮ ጣዕሙ የጠፋው ከእጄ ይመስለኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ እርጎውን የምታቀርበው ጉያቱ ሆነች፤ እያቀረበችም ታያለች። ዶሮው በየብልቱ ተቆራርጦ በሎሚና በጨው ይታጠባል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድና የተወቀጠ ኮረሪማ በገባበት እርጎ ውስጥ ያድራል። በማግሥቱ ከነእርጎው በዝግተኛ እሳት ይጣዳል፤ እርጎው ተመጦ እስኪያልቅ ድረስ አይነካም። ከዚያ ብልቱ የገብስ በሶ ተነስንሶበት በተነጠረ ቅቤ ይጠበሳል። ቅቤው ሲግል የሚያሰማው ድምፅ ጉያቱን ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ያስታውሳታል። መጀመሪያ የወደደችው ያንን ድምፅ ነው።

ዓመት ሳይሞላ የአዴ ፎዚያን ጣቶች ቁርጥማት ያዛቸው። ቢላዋ ከእጃቸው መውደቅ ሲጀምር ጉያቱ ተቀበለቻቸው። መቁረጡንም መጥበሱንም ለመደችው፤ መቅመሱ ብቻ የአዴ ፎዚያ ሆኖ ቀረ። እርጎውን ከቅመሙ ጋር በጣታቸው ጫፍ ቀምሰው «ጨምሪ» ወይም «ይበቃል» ይሏታል፤ እሷም የታዘዘችውን ታደርጋለች።

አማቷ ኦቦ ጃልዴሳ ሥራዋን አልከለከሉም። የነካ እጅ ቢታጠብ ይጠራል፣ መብላት ግን ሌላ ነው አሉ። ወፍ የበላ ሰው የወተት ጮጮዬን አይንካብኝ ብለው ነገሩን ዘጉት። ጉያቱም ይህን አክብራ ኖረች። ከብቶቹ ካለቁ ወዲህ ሽማግሌው ከወተት በቀር እህል እምብዛም አይቀምሱም፤ ጠዋትና ማታ ጮጮውን በሁለት እጇ የምታቀብላቸው እሷ ነበረች።

የአዴ ፎዚያ ወንድም ዓብዱልባሲጥ ልጁን ኢክራንን ለቡሌ ሆራ ሰው ሲድር ሰርጉ ነገሌ ሆነ። በዚያ ቤተሰብ ሙሽሮቹ ፊት የሚቀርበው የአያቶች ዶሮ ነው፤ የምትጠብሰውም የቤቱ ሴት ናት። ታዲያ ሰርጉ ሲቃረብ አዴ ፎዚያን ወባ ጣላቸው። ትኩሳቱ ሲበርድላቸው እንኳ የቀመሱት ሁሉ እንደ ኮሶ ይመርራቸዋል። ጉያቱ ትሥራው ብለው ከአልጋቸው ላይ ወሰኑ። የሙሽራዋ እናት ቀድሪያ ከፋት።

«አዴ፣ ጉያቱን አልጠላኋትም» አለቻቸው። «ግን ቀምሳው የማታውቀውን ነገር እንዴት ለልጄ ታቀርባለች?»

ጥያቄው ትክክል እንደሆነ ጉያቱም ታውቃለች። ከሰርጉ ሁለት ቀን አስቀድማ ለሙከራ አንድ ዶሮ ጠበሰች። መልኩ አማረ። ቀድሪያ ግን ጥቂት አላምጣ አቆመች። ላዩ ጥሩ ነው፣ ውስጡ ግን የአዴን አይመስልም አለች። ምን እንደጎደለው ስትጠየቅ መናገር አልቻለችም፤ ጨው ይሆናል አለች። ጉያቱ በሁለተኛው ላይ ጨው ብትጨምር ጨው ጨው አለ። አዴ ፎዚያም ትንሽ ቆርሰው አፋቸው ውስጥ አደረጉና መልሰው ተፉት፤ ምሬት እንጂ ሌላ አልተሰማቸውም። ቀድሪያ ከሆቴል እናስመጣ ስትል አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጉያቱ ያንን ጀርባ አየች። እጇን ታጥባ አማቷ ወደተቀመጡበት የግራር ጥላ ሄደች።

«አባ፣ ዶሮውን ልቀምሰው ነው» አለቻቸው።

«ቀምሰሽ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም። ሳልቀምስ ልነግርዎት ነው።»

በትራቸውን መሬት ላይ ወዲያና ወዲህ ሲያንከባልሉ ቆዩ። «ሴትዮዋ ምንሽ ናት?»

«ከአያቶቻቸው የወረሱትን ለእኔ ሰጡኝ። የሥጋ ዘመዳቸው አይደለሁም፤ ግን የሰጡት ለእኔ ነው። አሁን በእኔ እጅ ላይ ሊጠፋ ነው።»

«እኔ አልፈቅድልሽም፤ አልከለክልሽምም» አሉ ኦቦ ጃልዴሳ። «ወተቴን ግን ከዛሬ ጀምሮ ጉራቻ ያምጣልኝ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ቢሆንም አልተመለሰችም። ወጥ ቤት ገብታ አንድ ቁራሽ አነሳች። የወፍ ጣዕም ምን እንደሚመስል አታውቅም፤ መጥፎ ይሆናል ብላ ግን ተዘጋጅታ ነበር። አፏን የሞላው ወተት ነው። ኮረሪማውንና ቅቤውን አልፎ፣ ሥጋው ውስጥ ድረስ የገባ የራሷ እርጎ። እርጎው ገና ጥሬ፣ ያልኮመጠጠ ነበር። ያልበሰለ፣ ለስለስ ያለ፣ ለሕፃን የሚሰጥ ዓይነት እርጎ። አዴ ፎዚያ በጣታቸው ጫፍ ሲቀምሱ ይለዩት የነበረው አሁን የጎደለውን ይህን መኮምጠጥ ነው ማለት ነው። በሰርጉ ጥድፊያ ቆየት ያለው አልቆባት፣ ገና የረጋውን ተጠቅማለች።

የሚፈለገው የበሰለ እርጎ በግቢው ውስጥ በአንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ቆይቶ የኮመጠጠ ወተት በሚጠጡበት በአማቷ ጮጮ። እሱን ደግሞ አሁን መንካት አትችልም። ለጉራቻ ነገሩን አስረዳችው፤ ለምንልኝ ግን አላለችውም። ጉራቻ ወደ አባቱ ሄደ። ምን እንደተባባሉ አልሰማችም። ሲመለስ ጮጮውን ታቅፎ ነበር።

«‹ለሰርግ ነው፤ ውሰድላት› አለኝ» አላት። «‹እኔ ትኩሱን እጠጣለሁ› ብሏል።»

የሙሽሮቹ ዶሮ በዚያ እርጎ አደረ። በሰርጉ ቀን ጉያቱ ከቅቤው አጠገብ ቆማ ከእያንዳንዱ ጥብስ ትንሽ ትንሽ እየቆረሰች ቀመሰች፤ አልተደበቀችም። ትሪው ከሙሽሮቹ ፊት ሲቀርብ የሙሽራው አክስት ሁዳ ከሙሽሮቹ ቀድማ እጇን ሰደደች፤ ሰው ሳቀባት። ቀድሪያም ቀመሰች። አንድ ቅልጥም በሳህን ለይታ ለአዴ ፎዚያ ይዛላቸው ሄደች። ቆይታ ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር።

«ኮረሪማው ትንሽ በዝቶብሻል» አለቻት ለጉያቱ። «አዴ ናቸው ያሉት። ምላሳቸው ተመለሰ።»

ከዚያ በኋላ ለተወሰኑ ሳምንታት ለሽማግሌው ወተት የሚያቀርበው ጉራቻ ሆነ። ጮጮ ማጠን አይችልበትም፤ ወይ ጢሱ ያንሳል፣ ወይ አመድ ይገባበታል። ኦቦ ጃልዴሳ ታገሡ፤ አንድ ጠዋት ግን አመዱን ከከንፈራቸው ጠርገው ምራታቸውን አስጠሩ። እጇን መታጠቧን ጠየቋት። መታጠቧን ስትነግራቸው ጮጮውን ራሷ አጥና እንድታመጣ አዘዙ።

ስታቀብላቸው ቀና ብለው አዩዋት። «ለመሆኑ ዶሮው ምን ምን ይላል?»

«እውነቱን ልንገርዎት አባ? ወተት ወተት ይላል።»

«እንግዲያው ምግብ ማለት ወተት ነው ስል ድሮም ትክክል ነበርኩ» አሉና ጠጡ። ጉያቱ በነገሌ ኑሮዋ ሁሉ ያን ጠዋት እንደሳቀችው ስቃ አታውቅም።

አዴ ፎዚያ ከወባው ዳኑ፤ እጆቻቸው ግን አልተመለሱም። አርብ አርብ በሩ ላይ ተቀምጠው ሰው ያስተናግዳሉ፤ የሚጠብሱት ጉያቱና ቀድሪያ ናቸው። የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ሰሞን ኢክራን ከቡሌ ሆራ እናቷን ልትጠይቅ መጣች። የባሏ ቤተሰብ ያንን ዶሮ ሥሪልን እያለ እንዳስቸገራት፣ እሷ ግን ከመብላት በቀር እንደማታውቅ እያፈረች ተናገረች። ጉያቱ ወደ ወጥ ቤት አስገባቻት። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረችላት፤ ሎሚውንና ጨውን አቀረበችላትና ቢላዋውን በእጇ አስያዘቻት።