ሦስት ትንበያዎች በአንድ ጠረጴዛ

በዚያ ምሽት፣ የጥቅምት ጠባይ ያልሆነ ዝናብ የቆርቆሮ ጣሪያችንን ሲደበድብ፣ እኔ መደብ ላይ ተጋድሜ ስለ አጎቴ ስለ ጋሼ አስማረ ሽንኩርት እጨነቅ ነበር። ሽንኩርቱ ተነቅሎ በወንዙ ዳር ማሳ ላይ ተሰጥቷል፤ ዓመቱን የሚያሻግረን እሱ ብቻ ነው። ከሦስት መሥሪያ ቤቶችም ሦስት መልእክት በስልኬ ገብቶ ነበር። የዝናቡ ቢሮ ከባድ ዝናብ አለ፤ የግድቡ ቢሮ የውሃ መልቀቂያ በሬን አልከፍትም አለ፤ የወንዙ ቢሮ ደግሞ ጎርፉ ነገ በ10፡00 ይደርሳል አለ። ሳነብለት አጎቴ ጋቢውን እየተከናነበ፣ መጀመሪያ እነሱ ይታረቁ፣ ለማንኛውም አሥር ሰዓት ከሆነ ከምሳ በኋላ እንሰበስባለን ብሎ ተኛ። እኔ ግን ሕዝብ ከሦስቱ የትኛውን ይመን እያልሁ ስብሰለሰል እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

እነሆ፣ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ የዘረጋ፣ እስከ ጉልበቱ ቦቲ የተጫማ ሽማግሌ መጥቶ ተከተለኝ አለኝና ወደ አንድ ለምለም ሀገር አደረሰኝ። በዚያች ሀገር ጎርፍ ሲመጣ ሰዉና ከብቱ አስቀድሞ ወደ ጉብታው ወጥቶ ስለሚጠብቀው፣ የሚወስደው አጥቶ አፍሮ ያልፋል። በመካከሏ በቆመው ሰፊ አዳራሽ ሦስት ታላላቆች አንድ ጠረጴዛ ከበው ነበር፤ ዓይኗን ከሰማይ የማትነቅል እመቤት፣ እግሩን ገንዳ ውስጥ የነከረ ከሲታ፣ የቁልፍ ዘለላ ታቅፎ የተቀመጠ ቦርጫም። በራስጌያቸው አንዲት ወጣት ተቀምጣለች።

«አባቴ፣ እነዚህ እነማን ናቸው?» አልሁት።

«ሞዴሎች ናቸው ልጄ፤ ያለፈውን አስልተው የሚመጣውን የሚናገሩ የኮምፒውተር ሊቃውንት። ድሮ እያንዳንዳቸው በር ዘግተው ለብቻቸው ይተነብዩ ነበር።»

«ወጣቷስ?»

«እሷ ፕላትፎርሟ ናት፤ ሞዴሎቹን የምታገናኝ መድረክ። ራሷ አንዲት ጠብታ እንኳ አትተነብይም፤ የአንዱን ቃል ተቀብላ፣ ልኩን አስተካክላ ለሌላው ታቀብላለች።»

ይህን ሲለኝ ከሲታው ሊናገር አፉን ከፈተ። ወጣቷም፣ «ጋሼ ወንዝ፣ ተራዎን ይጠብቁ። እትዬ ዝናብ ሳይጨርሱ እርስዎ በምን ይሞላሉ?» አለችው። አኩርፎ እግሩን ከገንዳው አወጣ። ቦርጫሙ ግድብ አልከፍትም እያለ ሲፎክር፣ የእመቤቲቱን ስሌት አሳየችው፤ አላበውና ቶሎ ብከፍት ይሻላል ወይ ብሎ በትሕትና ጠየቀ። በመጨረሻ ከሲታው ጎርፉ አሥር ሰዓት ይደርሳል አለ።

ወጣቷ ብዕሯን አነሣች። «በማን ሰዓት?»

ከሲታው ወደ ገንዳው እያየ፣ በፈረንጅ ነው እንጂ ብሎ አጉተመተመ።

«እንግዲያው ገበሬው ዘንድ ሲደርስ ረፋድ አራት ሰዓት ተብሎ ይጻፍ።»

የአጎቴ ሽንኩርት ትዝ ቢለኝ ባንኜ ነቃሁ። ሊነጋጋ ነው። ስልኬን ከፍቼ ብመለከት ከመልእክቱ ግርጌ የተላከበት ሰዓት 18፡30 ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ አሥራ ስምንት ሰዓት የሚባል የለም። አጎቴን ቀስቅሼ ስለ ፈረንጅ ሰዓትና ስለ ሦስቱ ቢሮዎች አለመነጋገር ሳስረዳው ፊቱን ተሸፈነ። ቢጨንቀኝ፣ በሕልሜ አየሁት አልሁት። ጋቢውን ወርውሮ ተነሣ።

«ሕልም ነው እንዴ? ታዲያ አትናገርም! እኔ ቢሮ መስሎኝ ነው እኮ።»

ጎረቤቱን ሁሉ እየጮኸ አስነሣ። ረፋዱ ላይ ጎርፉ ሲደርስ ባዶ ማሳ አገኘ፤ እኛ ኮረብታው ላይ በሽንኩርት ኬሻ ተቀምጠን አየነው። እኔም ወደ ሦስቱ ቢሮዎች ሄጄ፣ በአንድ ጠረጴዛ እንዲቀመጡ ያየሁትን ሁሉ ልነግራቸው በዚያው ቆረጥሁ። አጎቴን ባማክረው ራሱን ነቀነቀና፣

«ለእነሱ ግን ሕልም ነው እንዳትል፤ ጥናት ነው በላቸው» አለኝ።