ተገልብጧል

የምነዳው ተሳቢ ያለው ገልባጭ መኪና ነው። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝና «ገልባጭ እነዳለሁ» ስለው ፊቱ ይለዋወጣል፤ አንዳንዱ «አላህ ይጠብቅህ» ይለኛል። ይህ ነገር ያናድደኛል። ሚኒባስ ስንት ጊዜ እየተገለበጠ ማንም «ገልባጭ» ብሎ አይጠራውም። የእኔ መኪና ግን ሥራው ጭነት መገልበጥ ስለሆነ ብቻ ስሙን ተሸክሞ ይዞራል።

ሥራው እንዲህ ነው። ከአዳማ ወጣ ብሎ ጠጠር ከሚቆፈርበት ቦታ ሎደሩ ለብሎኬት የሚሆን ነጭ ጠጠር ይሞላልኛል። ሸራ አለብሰውና በሞጆ በኩል ቢሾፍቱ ብሎኬት ማምረቻው ግቢ ድረስ እወስደዋለሁ። በመንገድ ላይ ባጃጁም ጋሪውም ፊቴ እየገባ ያቃጥለኛል፤ እሱን ለምጄዋለሁ። ዋናው ጭንቅ ግቢው ውስጥ ነው። መሬቱ በአንድ በኩል ትንሽ ከሰመጠ፣ የጭነቱ ሳጥን፣ ካሶኒው፣ ወደ ላይ ሲነሳ ተሳቢው መወዛወዝ ይጀምራል፤ አንተም ጋቢና ውስጥ ተቀምጠህ በልጅነትህ የረሳኸው ዱዓ ሁሉ ትዝ ይልሃል። ከዚያ ጠጠሩ ሸርተት ብሎ ይወርዳል፣ መኪናውንም አንተንም ቀለል ይላችኋል። ይህን ጊዜ ስልክ ትደውላለህ።

የሚደወለው ለጋሽ ወልደአማኑኤል ነው። የድርጅታችን የስምሪት ኃላፊ ናቸው፤ ወሬ አይወዱም። አንዴ «እንዴት ዋሉ ጋሼ» ብዬ ጀምሬ «ሰላምታህን ለሚስትህ አቆየው፤ እኔ የምፈልገው አንድ ቃል ነው» ብለውኛል። ሚስት እንደሌለኝ ያውቃሉ። ቃሉ «ተገልብጧል» ነው። ጭነቱ ማለታችን ነው። «ተገልብጧል» እንላለን፣ «እሺ» ይላሉ፣ ይዘጋል። ስለ ሹፌሩ ጠይቀው አያውቁም።

ሚስት ግን ሊኖረኝ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ዋፊቃ ትባላለች፤ የሕንፃ ዕቃ መደብር ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። የተዋወቅነው ለጎረቤቷ የታዘዘውን አሸዋ እሷ በር ላይ ገልብጬ ሱቅ ውስጥ የዘጋሁባት ቀን ነው። ከአሸዋው ማዶ ሆና የሰደበችኝ ስድብ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። በዚያው ወደድኳት።

እንቅፋቱ እናቷ ነበሩ። እትዬ ከሪማ ደግ ሴት ናቸው ይባላል፤ ለእኔ ግን ግንብ ሆኑብኝ። ምክንያታቸው ባለቤታቸው ጋሽ ካሚል ናቸው። ጋሽ ካሚል ድሮ የመቂ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ መንገድ ላይ ገልብጠዋል። ከአንድ ጥርስ በቀር የጎደላቸው ነገር የለም፤ ወሬው ግን እስከ አሁን አላለቀም። ቤታቸው የገባ እንግዳ ሁሉ ያንን አይሱዙ ከነሽንኩርቱ ሲገለበጥ ይሰማል፤ ውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰውዬ እንኳ ሰምቶ ነው የወጣው። እትዬ ከሪማ ያን ቀን የመጣላቸው መልእክት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ተገልብጧል» የሚል። ሰውየው በሕይወት መኖሩ እስኪነገራቸው ድረስ እዚያው ደጃፋቸው ላይ ቁጭ እንዳሉ ቀርተው ነበር አሉ። ስለዚህ ዋፊቃ ስለ እኔ ስትነግራቸው «በአንድ ቤት ሁለት ገልባጭ አላኖርም» ብለው ቁርጡን ነገሯት።

እኔ ዘመድ አዝማዴ ወሎ ነው ያለው። አዳማ ውስጥ ያለኝ አንድ የተከራየሁት ክፍል ነው። ስለዚህ ሽማግሌ የላክኩት አከራዬን ኦቦ መርጋንና፣ ሌላ የማውቀው ትልቅ ሰው ስለሌለ፣ ጋሽ ወልደአማኑኤልን ነው። ጋሽ ወልደአማኑኤል ስለምናቸው «በአንድ ቃል የሚያልቅ ከሆነ እሺ» አሉኝ። ኦቦ መርጋ ደግሞ «አንተ ሥራህ ላይ ሁን፤ በር ላይ ቆመህ ጥፍርህን ስትበላ እንዳናይህ» ብለው አሰናበቱኝ። ቀኑ እሁድ ነበር። ይህች ልጅ ካመለጠችኝ አዳማን ለቅቄ እንደምሄድ ለራሴ ነግሬ ወጣሁ።

ቢሾፍቱ ደርሼ ካሶኒውን አነሳሁ፣ ጠጠሩ ወረደ፣ ጥግ ጥጉ ላይ የተጣበቀውን ወዛደሮች በአካፋ መጥረግ ጀመሩ። እኔም እንደ ልማዴ ደወልኩ። አጠገቤ ሎደር እያጓራ ስለነበር መጮህ ነበረብኝ። ስልኩ ብዙ ጠርቶ ተነሳ።

«ተገልብጧል» አልኩ።

«ምን?» አለች አንዲት ሴት። ልዩ የምትባለው የቢሯችን ጸሐፊ መሰለችኝ፤ አንዳንድ እሁድ ትገባለች፣ ጋሽ ወልደአማኑኤል ስልኩን ለእሷ ትተው ሄደዋል ብዬ አሰብኩ።

«ተገልብጧል ነው የምልሽ። አብዱናሲር ነኝ።»

«ያ ረቢ። የት?»

«ቢሾፍቱ ነዋ፣ የሁልጊዜው ቦታ።»

«ተሳቢውም?»

«ተሳቢውም፣ ሁሉም። ትንሽ ተጣብቆ የቀረ አለ፤ እሱን በአካፋ እየለቀሙት ነው።»

ከዚያ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ «አንተስ?» አለችኝ።

ገረመኝ። ከዚያ ስልክ «አንተስ?» የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅም። ሰው ሲያዝንልህ ደግሞ ድካምህ ይብሳል።

«እኔማ አበቃልኝ» አልኳት። «ወገቤ ለሁለት ተቆርጧል። እንቅልፍ ብቻ ነው የሚያምረኝ። ለጋሽ ወልደአማኑኤል ንገሪልኝ፣ ከእንግዲህ አይጠብቁኝ።»

ይህን ብዬ ሳልጨርስ ባትሪዬ አልቆ ስልኩ ጠፋ።

ያን ሁሉ የነገርኩት ለልዩ ሳይሆን ለእትዬ ከሪማ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ነገሩ እንዲህ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ተቀምጠው፣ እትዬ ከሪማ «ልጄን ለገልባጭ ነጂ አልሰጥም፣ ስሙ ራሱ እየነገራችሁ» ብለው ገና እንደጨረሱ፣ ጋሽ ወልደአማኑኤል ሽንት ቤት ብለው ወደ ጓሮ ወጡ። ስልካቸው እትዬ ከሪማ አጠገብ ቻርጅ ላይ ነበር። ጮኸ፣ አሁንም ጮኸ። እትዬ ከሪማ «በኋላ ይደውሉ» ሊሉ አነሱት፤ ያን የፈሩትን ቃል ሰሙ።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ሱሪያቸውን እያስተካከሉ ሲመለሱ ቤቱ ኡኡታ በኡኡታ ሆኗል። «ልጁ ወገቡ ለሁለት ተቆረጠ። በአካፋ እየለቀሙት ነው» ይላሉ እትዬ ከሪማ። ጋሽ ወልደአማኑኤል ወደ እኔ ቢደውሉ ስልኬ ዝግ ነው። ቁጭ አሉና «ምስጉን ሠራተኛ ነበር» አሉ። ቆሜ ስሄድ አንድ ቀን እንኳ አላሉኝም። ወዲያው ሬሳዬን እንዲያመጣ ደሊል የተባለውን ሹፌር በድርጅቱ ፒካፕ ላኩት። ጋሽ ካሚል «በየት በኩል ነው የተገለበጠው?» ብለው ሊጠይቁ አፋቸውን ከፍተው፣ የሚስታቸውን ፊት አይተው መልሰው ዘጉት።

እትዬ ከሪማ ደረታቸውን እየመቱ «ያ ረቢ፣ እንዲህ መሆኑን ባውቅ ምን ነበር ብሰጠው። ልጁን ብትመልስልኝ ዋፊቃን ዛሬውኑ እሰጠው ነበር» አሉ። ይህን ሲሉ ኦቦ መርጋ ዱላቸውን ይዘው እዚያው ተቀምጠዋል። የዕድር ሰዎች መጥተው «ቤተሰቡ ወሎ ነው፤ ድንኳኑ የት ይተከል?» ሲሉም እትዬ ከሪማ «እዚህ ነዋ። ልጄ ነው» አሉ። ቆሜ ያላገኘሁትን ቤተሰብ ሞቼ አገኘሁ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ አገሩ ሁሉ ሲያለቅስልኝ እኔ ሞጆ ላይ ዘፈን ከፍቼ እመጣለሁ። ደሊልን መንገድ ላይ አገኘሁት። ለሰላምታ መብራት አበራሁለት። ያን ሰዓት ፀጉሬም ሽፋሽፍቴም በጠጠሩ አቧራ ነጭ ሆኗል። ደሊል ዓይኑን አፍጥጦ አየኝና ፒካፑን ዳር አስያዘ፤ በመስተዋት ሳየው ሁለት እጁን ዘርግቶ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ሰላምታ አልመለሰልኝም። ፒካፕ ስለሰጡት ኮራብኝ ብዬ ተቀየምኩት።

አዳማ ገብቼ በነዋፊቃ ሰፈር በኩል ሳልፍ ደጃፋቸው ላይ ድንኳን ቆሟል።

መኪናዬን ዳር ይዤ አየሁት። ድንኳን ነው፤ ወንበር ይወርዳል፣ ሰው ይገባል። ዓይኔ እንባ ሞላ። እትዬ ከሪማን ለካ አላወቅኋቸውም። እሺ ማለታቸው ሳያንስ በአንድ ቀን ድንኳን አስተከሉ። ጋሽ ወልደአማኑኤልም በእርግጥ በአንድ ቃል ጨርሰውታል ማለት ነው። የሠርግ መኪና እንደሚያደርገው ክላክሱን ደጋግሜ ነፋሁና ወርጄ ገባሁ።

ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሴት ልጅ ሲድሩ ማዘን ያለ ነው ብዬ በር ላይ ቆምኩና እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «እንኳን ደስ ያላችሁ» አልኩ።

ቁርዓን የሚቀራው ሼህ አቆመ። ወንበር የተሸከመው ሰው ወንበሩን እግሩ ላይ ጣለው። አንዷ ሴትዮ ነጭ መሆኔን አይታ «ከፈኑን እንደለበሰ መጣ» ብላ በድንኳኑ ሥር ሾልካ ወጣች። ከሴቶቹ መሃል ዋፊቃ ተነሳች። ዓይኗ አብጧል። አንድ ጫማዋን አውልቃ ግንባሬን አለችኝ።

«ስልክህን ለምን ትዘጋለህ?» አለች፤ ከዚያ እዚያው ቁጭ ብላ እንደ አዲስ አለቀሰች።

ግንባሬን እያሻሸሁ ሳለ እትዬ ከሪማ ሰውን እየገፉ መጡ። ወገቤን በሁለት እጃቸው ግራና ቀኝ ያዙ፣ ወደ ኋላ ዞረው አዩ፣ ወደ ፊት ተመልሰው አዩ።

«አንድ ነው» አሉ።

«ምኑ?»

«ወገብህ። ተገልብጧል አላልክም?»

«ጠጠሩ ነዋ እትዬ» አልኩ።

መጀመሪያ የሳቁት ኦቦ መርጋ ናቸው። ቀጥሎ ሼሁ። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ። እትዬ ከሪማ ብቻ አልሳቁም፤ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ አቧራዬን ከእጃቸው አራገፉ፣ ፊታቸው ወደ ቀድሞው ግንብነት ሲመለስ እያየሁት ነው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ደህና ነው» አሉ። «እንግዲህ ደህና ከሆነ ነገሩም ወደ ነበረበት ይመለስ። እኔ ለገልባጭ ነጂ...»

በአንድ ቀን ሞቼ፣ ተድሬ፣ እንደገና ልባረር ነው። ዋፊቃ ሁለተኛውን ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች፤ ይኸኛው ለማን እንደሆነ አላውቅም።

«ይቅርታ» አሉ ኦቦ መርጋ በዱላቸው መሬቱን ነካ አድርገው። «ልጁን ብትመልስልኝ ዛሬውኑ እሰጠው ነበር ብለዋል። የለመኑትንም አንድዬ ሰምቷል። ይኸው መለሰው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ከሪማ።»

«ያን ያልኩት ለሞተ ሰው ነው።»

«ለሞተ ሰው የሚሰጡትን ለቆመ ሰው ይነፍጋሉ?»

ይህን ጊዜ አንዱ የዕድር ሰው፣ ከሁሉም ነገር ሥራው የሚያሳስበው፣ ገመዱን ይዞ «እንግዲያው ድንኳኑን እናፍርሰው?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ወደ እትዬ ከሪማ ዞረ። እሳቸው ድንኳኑን አዩ፣ ዋፊቃን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን ከነአቧራዬ ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ተዉት» አሉ። «ከተተከለ አይቀር ይቆይ።»

ኦቦ መርጋ «ቶሌ፣ መልካም ነው» ብለው እጃቸውን ለምርቃት ዘረጉ። ሁላችንም «አሚን» አልን። ጋሽ ወልደአማኑኤል እንኳ ሁለቴ አሉ። ጋሽ ካሚል አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና በሹክሹክታ «ምንም አልተገለበጥክም ማለት ነው? ትንሽም?» አሉኝ። ትንሽም አልኳቸው። ቅር እንዳላቸው ያስታውቅ ነበር። ቢሆንም ጆሮዬን አግኝተዋልና የሽንኩርቱን ነገር ከመቂ ጀመሩልኝ።

እትዬ ከሪማ አንድ ግዴታ ብቻ አስገቡኝ፤ ያን ቃል በቤታቸውም በስልካቸውም ዳግመኛ እንዳላነሳው። አሁን ጭነት ባወረድኩ ቁጥር ሁለት ቦታ እደውላለሁ። መጀመሪያ ለጋሽ ወልደአማኑኤል ነው፤ አንዷን ቃል እላቸዋለሁ፣ «እሺ» ብለው ይዘጋሉ። ቀጥሎ ለእትዬ ከሪማ ደውዬ «አራገፍኩ» እላለሁ። ጠጠሩ የት እንደ ወረደ፣ ተሳቢው ምን እንደ ሆነ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።

«አንተስ?» ይላሉ።

«ወገቤ አንድ ነው» እላቸዋለሁ።